ባጃጅ ኩርባ ላይ ለምን ትወድቃለች? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 20፣ ኮምቦልቻ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ወንድሜ ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ኮምቦልቻ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የተስማማነው እንዲህ ነው። እሱ ሥራ በሌለበት ሰዓት ባጃጇን ያመጣል። እኔ ኩርባ ላይ የምትወድቅበትን ልክ እለካለሁ። ከዚያ ልኩ ሳይደርስ የሚጮህ መሣሪያ እሠራላታለሁ። ከተቻለ ደግሞ መኪኖች ላይ እንዳለው የኤሌክትሮኒክ መረጋጋት መቆጣጠሪያ በራሱ ጣልቃ የሚገባ ነገር።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመሃል ያለው መንገድ ቁልቁልና ኩርባ ነው። ደሴ ከተማው ውስጥም ቢሆን ብዙ ሜዳ የለም። ባጃጅ ደግሞ ስትገለበጥ ሰውን የምትከልልበት ነገር የላትም። ከላይ ሸራ ነው፣ ከጎን ክፍት ነው። ሰው ይወረወራል፣ ከዚያ እሷ ራሷ ትወድቅበታለች። ይህ ነገር ዕድል ነው ተብሎ ሲታለፍ መስማት ሰልችቶኛል። ልኩ በቁጥር መታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ጥቅምት 23

መሣሪያ ከመግዛቴ በፊት ሌሎች የሠሩትን ሳነብ አመሸሁ።

የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ቦሽ ሠራው፣ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ገጠመው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትንሿ መርሴዲስ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ ድንገተኛ የመታጠፍ ፈተና ላይ ተገለበጠች። ኩባንያው ይህን ሥርዓት በሁሉም ኤ ክላስ ላይ ገጠመ። ያኔ ነው ተራ ሰው ስለ ነገሩ የሰማው። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለትንንሽ መኪኖች ግዴታ አደረገችው። አውሮፓ በ2014 መጨረሻ ለአዲስ መኪና ሁሉ።

አሠራሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። አንድ ሴንሰር መሪው ምን ያህል እንደዞረ ያያል። ሌላው መኪናው በእርግጥ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ያያል። ሹፌሩ የጠየቀውና መኪናው የሚሠራው ካልተጣጣሙ ኮምፒውተሩ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል።

ሦስት ጎማ ላይ ይህን በደንብ የሠራው የካናዳው ቢአርፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ካን-አም ስፓይደር የሚባል ሞተር አለው። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። መቆጣጠሪያው የቦሽ ነው። የውስጠኛው የፊት ጎማ ሊነሳ ሲል የውጪኛውን የፊት ጎማ ፍሬን ይይዛል፣ ጉልበትም ይቆርጣል። ሞተሩ ትንሽ ወደ ውጪ ይለቃል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል፣ የተነሳው ጎማ ይመለሳል። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤምፒ3 እና ያማሃ በ2018 ያወጣው ኒከን ሌላ መንገድ ሄደዋል። እነሱ እንደ ሁለት ጎማ ሞተር ወደ ኩርባው ይጋደማሉ። ስለዚህ ወደ ጎን የመገልበጡን ችግር ከሥሩ ያስወግዱታል።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለው የመስክ ሞተር አወጣ። በጣም ተሸጠ። በጣምም ተገለበጠ። በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው መሸጡን አቆሙ። የባጃጅ አቀማመጥም ይኸው ነው። አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።

ጥቅምት 27

ዛሬ ሜትር ይዤ ከባጃጇ ሥር ዋልኩ። ከፊት ጎማው እምብርት እስከ ኋላ ጎማዎች እምብርት 2 ሜትር። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል 1 ሜትር ከ15።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻቸውን ብዙ ይናገራሉ። ባለ አራት ጎማ መኪና ሲገለበጥ በጎኑ ባሉት ሁለት ጎማዎች መስመር ላይ ነው የሚዞረው። ባጃጅ እንደዚያ አይደለችም። የምትገለበጥበት መስመር ከፊት ጎማው ተነስቶ ሰያፍ ሆኖ ወደ ውጪኛው የኋላ ጎማ ይሄዳል። ከኋላ ሰፊ ነው፣ ከፊት ግን ስፋቱ ባዶ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት እንደዚሁ ነው። በጉልቻው በኩል ብትገፋው ይጸናል፣ በሁለቱ ጉልቻ መሃል ብትገፋው ግን ይገለበጣል።

ስለዚህ ለባጃጅ ክብደት ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ጥሩ ነው። ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ወደ ጠባቡ ቦታ ይጠጋል። ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተሩን ከኋላ ያደረገበት ሞዴል ለዚህ ረድቷል። ከባዱ ነገር ሰፊው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ልኩ የሚወጣው እንዲህ ነው። የኋላውን ስፋት ግማሽ ውሰድ። ከጠቅላላው ክብደት የኋላ ጎማዎች በተሸከሙት ድርሻ አባዛው። ለክብደት ማዕከሉ፣ ማለትም ክብደቷ ሁሉ እንደተሰበሰበ ለሚቆጠርበት ነጥብ፣ ከፍታ አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር የምትገለበጥበት የጎን ግፊት ነው፣ የሚለካውም በጂ ነው። 1 ጂ ማለት የጎን ግፊቱ ከራሷ ክብደት እኩል ሆነ ማለት ነው። ለቤት መኪና ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ከ0.8 ጂ ብዙ አያልፍም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ የቤት መኪና ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። የባጃጇ ቁጥር ከ0.8 በታች ከሆነ ግን ሳትንሸራተት ትገለበጣለች። የመኪናውን የመረጋጋት መቆጣጠሪያ እንዳለ መቅዳት የማይሠራበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። እሱ የተሠራው በዋናነት መንሸራተትን ለመያዝ ነው።

ኅዳር 2

ክብደት። ከእህል ነጋዴ ጎረቤታችን የወለል ሚዛን ተዋስን። ሚዛኑን በየጎማው ሥር አደረግን። የቀሩትን ጎማዎች በጣውላ እኩል ከፍታ ላይ አቆምናቸው። ይህ ጣውላ ካልገባ ቁጥሩ ይዛባል። ከፊት 115 ኪሎ፣ ከኋላ በድምሩ 235። ባዶዋን 350 ኪሎ። ማለትም ሁለት ሦስተኛው ክብደት ከኋላ ነው።

ከፍታውን ለማግኘት መካኒኮች ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረግን። ባጃጅ ከሥሯ ለመሥራት በጎኗ ትጋደማለች፣ ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ነዳጁን ቀዳን፣ ባትሪውን ፈታን፣ ሁለት ሆነን አንዱን የኋላ ጎማ ቀስ እያልን አነሳን። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ ክብደቷ ከእጅ ይጠፋል። ወዲህም ወዲያም አትልም። እዚያ ላይ ያዝናትና በስልክ የማዘንበያ መለኪያ አንግሉን አነበብን። 36 ዲግሪ አካባቢ። ከዚህ ተነስቶ ሲሰላ የክብደት ማዕከሏ ከመሬት 51 ሳንቲሜትር ላይ ነው።

ባዶዋን ልኳ 0.76 ጂ ሆነ። ሰው ሳይቀመጥባት እንኳ ከአስፋልቱ መያዝ በታች ናት።

ኅዳር 5፣ ማታ

ዛሬ ማታ ሰው እያስቀመጥኩ አሰላሁ። ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ከሥራው ሁሉ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ።

ሹፌር 70 ኪሎ፣ ተሳፋሪ 65 ኪሎ ብዬ ያዝኩ። ሹፌር ብቻውን ሲሆን 0.64። ከኋላ ሦስት ሰው ሲጨመር 0.61። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ወደ 200 ኪሎ ተጨምሮ የወረደው ትንሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰዎቹ ከፍታውን ይጨምራሉ፣ ግን ሰፊው ቦታ ላይ ስለሚቀመጡ ክብደቱን ወደ ኋላ ይስባሉ። አንዱ ሌላውን ያካክሳል።

ቀጥዬ ሦስቱን አውርጄ አንድ ሰው ብቻ ሹፌሩ ጎን አስቀመጥኩ። በግራ በኩል፣ ሁላችንም እንደምናየው፣ ግማሽ ሰውነቱ ወደ ውጪ ሆኖ። ቁጥሩ 0.51 ሆነ።

ከኋላ ባዶ ሆና ከሹፌሩ ጎን አንድ ሰው የያዘች ባጃጅ፣ ከኋላ ሦስት ሰው ከጫነች ባጃጅ ይልቅ በቀላሉ ትገለበጣለች። ከፊት የተቀመጠው ሰው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያበላሻል። ክብደቱን ወደ ጠባቡ ቦታ ያመጣዋል። ከፍ ያደርገዋል። ወደ አንድ ጎንም ያዞረዋል። ባጃጅ የተሠራችው ለሹፌርና ከኋላ ለሦስት ሰው ነው። የኋላው ወንበር የተቀመጠበት ቦታ ለምቾት ብቻ አይደለም።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «አንድ ሰው ብቻ ከሆነማ ቀላል ናት ብለን እኮ ነው የምንፈጥነው» አለኝ። ብዙ ሹፌሮች የሚያስቡት እንደዚሁ ይመስለኛል። በጭነት ተጠንቅቆ የሚነዳው ሰው ከጎኑ ጓደኛውን ይዞ ባዶዋን ሲመለስ ይለቃታል።

ኅዳር 9

ፍሬንም ተሰላ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ለስፓይደር ይህ ጥሩ ነው፣ ሁለት ጎማ ከፊት አለውና። ለባጃጅ ግን ፊት ማለት ጠባብ ነው። ኩርባ መሃል ላይ መካከለኛ ፍሬን፣ 0.3 ጂ ገደማ፣ ሲያዝ ሹፌር ብቻውን የነበረው 0.64 ወደ 0.55 ይወርዳል። ጎኑ ሰው ያለው 0.51 ደግሞ 0.42 ይሆናል።

ቁልቁለትም እንደ ፍሬን ነው የሚቆጠረው። 10 ከመቶ ቁልቁለት ላይ ሳትነካት እንኳ 0.1 ጂ ፍሬን እንደያዝክ ነው። ደሴ ውስጥ ወደ ታች እየወረዱ መታጠፍ፣ ከዚያ ደንግጦ ፍሬን መርገጥ፣ ከጎን ሰው ይዞ። ሦስቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቁጥሩ ይናገራል።

ኅዳር 16

ወደ መሣሪያው። ከአዲስ አበባ ያስላኳቸው ዕቃዎች ደረሱ። ዋናው አንጎል ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ ቦርድ ነው። የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ኤምፒዩ-6050 ነው። በሦስት አቅጣጫ ግፊት፣ በሦስት አቅጣጫ ደግሞ የመዞር ፍጥነት ይለካል። ርካሽ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ከዚያ የኋላ ጎማዎችን የመዞር ፍጥነት የሚለኩ ሁለት የማግኔት ሴንሰር፣ ለመሪው ግንድ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር።

ሴንሰሩን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከክብደት ማዕከሉ አጠገብ ገጠምኩት። የባጃጅ ሞተር ባለ አንድ ፒስተን ስለሆነ ንዝረቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት መስመር ምንም የማይገባ ትርምስ ነበር። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቆርጬ ከሥሩ አደረግሁ። በፕሮግራሙ ደግሞ የሴንሰሩን የራሱን ማጣሪያ 10 ኸርዝ ላይ አደረግሁት፣ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን እንዲያስቀር። ሰው መሪ የሚያዞረው ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ የሚጠፋ ነገር የለም። አሁን መስመሩ ንጹሕ ነው።

አንድ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። መንገዱ ራሱ ካዘነበለስ? ሴንሰሩ አይሳሳትም ወይ? አይሳሳትም። ባጃጇን የሚገለብጣት የኩርባው ግፊትና የመንገዱ ማዘንበል ድምር ነው። ሴንሰሩ የሚያነበውም ድምሩን ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ትንሽ ጥንቃቄ ፈለገ። ሞተሩ ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ በጣም ስለሚወርድ ቦርዱ ይጠፋል። ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ሰርኪት ከፊውዝ ጋር አስገባሁ፣ አጠገቡም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር።

ኅዳር 23

በያጁ ዛሬ የጎን ድጋፎቹን ጨረሱልን። ይህ ሳይኖር ሜዳ ላይ መውጣት የለበትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ። በሁለቱም ጎን ከሻንሲው የሚወጣ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የጋሪ ጎማ አለው። ባጃጇ ትንሽ ስታዘነብል የጋሪው ጎማ መሬት ይነካና ይደግፋታል። «ጋሼ፣ አይሰበርም?» ብዬ ብጠይቃቸው በያጁ ቱቦው ላይ ቆመው አሳዩኝ።

ቱቦው ክብደት ስለሚጨምር እንደገና መዘንን። ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ ልኩን የለወጠው በጣም ትንሽ ነው።

ኅዳር 30፣ ሜዳው ላይ

ሰው የማይገባበት፣ ኮንክሪት የፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ ግቢ ተፈቀደልን። በገመድና በኖራ 8 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ አሰመርን። ይህ ጠበብ ያለ የከተማ መታጠፊያ ያህል ነው። ወንድሜ የራስ ቁር አደረገ፣ ቀበቶም አሠርንለት። ክቡን ተከትሎ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ይዞራል፣ እኔ ከውጪ ስልኬ ላይ ቁጥሩን አያለሁ።

ሹፌር ብቻውን ሲሆን የውስጠኛው ጎማ 0.57 አካባቢ ላይ ተነሳ። ስሌቱ 0.64 ነበር። ልዩነቱ አሥር ከመቶ ያህል ነው፣ እንዲሁ መሆን አለበት። ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ይተኛል፣ አካሏ ወደ ውጪ ያዘነብላል። ስሌቱ ግን ባጃጇን እንደ ድንጋይ ደረቅ አድርጎ ነው የቆጠራት።

ከዚያ ሰው ሳይሆን አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫንን። ከማዳበሪያው ሥር የእንጨት ሳጥን አደረግን፣ ክብደቱ እንደ ተቀመጠ ሰው ከፍ እንዲል። ከኋላ ሦስት ሲሆን ጎማው 0.54 አካባቢ ላይ ተነሳ። ከፊት በግራ አንድ ሲሆን፣ ወደ ቀኝ ስትዞር 0.46 ላይ ተነሳ። ወደ ግራ ስትዞር ግን 0.57። ያው ጭነት፣ ያው ባጃጅ። ሰውየው የተቀመጠበት ጎን ብቻ ነው ልዩነቱን ያመጣው።

በፍጥነት ሲተረጎም፣ በዚህ ክብ ላይ 0.57 ማለት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። 0.46 ደግሞ ከ22 በታች። በጤናውና በመውደቁ መሃል ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ማንም ሹፌር ይህን በሰውነቱ አይለየውም። ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። ፍጥነት አሥር ከመቶ ሲጨምር ግፊቱ 21 ከመቶ ይጨምራል።

አንድ ሌላ ነገር በጣም ደስ አሰኘኝ። ጎማ ሲነሳ የማግኔት ሴንሰሮቹ ወዲያው ያውቃሉ። በዚህ ክብ ላይ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው 13 ከመቶ ያህል ዘግይቶ ይዞራል። ከመሬት ሲለቅ ግን የሚይዘው ነገር ስለሌለ፣ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ይለቀውና ድንገት ቀድሞ ይሽከረከራል። ውስጠኛው ከውጪኛው ፈጠነ ማለት ጎማው አየር ላይ ነው ማለት ነው። ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 3

የፍሬኑን ሙከራ ለብቻው ነው የያዝነው። ከፊት በግራ አንድ ማዳበሪያ፣ ዙሩ ወደ ቀኝ። 0.40 ላይ ጸንታ ትዞራለች፣ ምንም ጎማ አልተነሳም። ወንድሜ ፍጥነቱን እንደያዘ ፍሬኑን መካከለኛ አድርጎ ረገጠ። የግራው ድጋፍ መሬት መታ። ድጋፉ ባይኖር ትወድቅ ነበር።

ወንድሜ ወርዶ ድጋፉ የጫረውን ኮንክሪት አየ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ «ሁላችንም እኮ እንደዚህ ነው የምናደርገው፣ ስንፈራ ፍሬን ነው የምንይዘው» አለ።

ስለዚህ ለሹፌር የምለው አሁን ግልጽ ነው። ፍሬን ከኩርባው በፊት ይያዝ፣ መሪው ቀጥ ባለበት። ኩርባው ውስጥ ጋዝ ቀለል ተደርጎ ይያዝ። ውስጥ ከተገባ በኋላ በዛ ከተባለ መንገዱ ክፍት ከሆነ መሪውን ትንሽ መፍታት ከፍሬን ይሻላል።

ታኅሣሥ 8

በራሱ ጣልቃ የሚገባ መቆጣጠሪያ ይሠራ ወይስ አይሠራ? ብዙ አሰብኩበት። ሁለት መንገድ ነበረኝ።

አንዱ ግፊቱ ሲበዛ የሞተሩን እሳት መቁረጥ ነው። ቀላል ነው፣ አንድ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ፣ ይበቃዋል። ግን ሞተሩ ሲቆረጥ በማርሽ ያለችው ባጃጅ ራሷን ትይዛለች። ይህም ፍሬን ነው። ሜዳው ላይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስንለካው 0.1 ጂ ያህል ነበር። ጎማው ሊነሳ ጥቂት በቀረው ሰዓት ክብደትን ወደ ፊት መግፋት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለሚሳፈርበት አልገጥምም።

ሌላው የስፓይደር መንገድ ነው፤ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን መያዝ። የባጃጅ ፍሬን ከአንድ ፔዳል ወደ ሦስቱም ጎማ በዘይት የሚሄድ የከበሮ ፍሬን ነው። ለመለየት ለየመስመሩ ቫልቭ፣ ፓምፕ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የሚሠራበት ክፍል ሁሉ ያስፈልጋል። ቢገኝ እንኳ የፊት ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ እሱን መያዝ ባጃጇን ከኩርባው አያላቅቃትም። የውጪኛው የኋላ ጎማ ያላቅቃል፣ ግን እሱም ክብደት ወደ ፊት ያመጣል። በፋብሪካ ደረጃ ሊሠራ ይችላል፣ እንዲሠራም እመኛለሁ። በጋራዥ ግን አይሠራም። የፍሬን ዘይት መስመር ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለባጃጅ የሚበጀው ቁጥጥር ከኩርባው በፊት የሚሠራው ነው ብዬ ወሰንኩ። መሣሪያው ይናገራል፣ ሹፌሩ ይሠራል። ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ቀድሞ ይናገራል የሚለው ነው።

ታኅሣሥ 14

የመሪው ሬዚስተር ጥቅሙ ዛሬ ወጣ። ሴንሰሩ ግፊቱን የሚያውቀው ግፊቱ ከመጣ በኋላ ነው። መሪውና የጎማው ፍጥነት ግን ሊመጣ ያለውን ይናገራሉ። መሪው 14 ዲግሪ ከዞረ በ2 ሜትር ርዝመት 8 ሜትር ራዲየስ ማለት ነው፣ ፍጥነቱ ይታወቃል፣ ግፊቱ ይሰላል። አካሏ ገና ማዘንበል ሳትጀምር ቁጥሩ ዝግጁ ነው። ቦርዱ አሁን ሁለቱንም ያወዳድርና ትልቁን ይወስዳል።

ማስጠንቀቂያው ሁለት ደረጃ አለው። ጎማው ከሚነሳበት ልክ 60 ከመቶ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት። 75 ከመቶ ላይ ድምፅ። ድምፁን ከጡሩምባዋ የተለየ፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ አደረግሁት፤ ደሴ መሃል ጡሩምባ ማንም አይሰማውም።

ልኩ ራሱ በጭነት ይለያያል። ስለዚህ ሹፌሩ ወንበር ግራና ቀኝ ሥር ትንንሽ ማብሪያ ቀበርኩ። ሰው ሲቀመጥ ይጫናል። ያኔ ቦርዱ 0.57 የነበረውን ትቶ ለዚያ አቅጣጫ 0.46ን ይይዛል። መብራቱ 0.28 ላይ፣ ድምፁ 0.35 አካባቢ ላይ ይጀምራል። ቁልቁለት ደግሞ ሴንሰሩ በራሱ ያውቃል፣ ልኩን ያወርደዋል።

ታኅሣሥ 21፣ ደሴ

ድጋፉ ተፈታ፣ ባጃጇ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከወንድሜ ጋር ዋልኩ። በተለመደው አነዳዱ ብዙው ኩርባ ከ0.25 በታች ነው። መብራቱ የበራው ቁልቁል ሲታጠፍና ከሌላ ባጃጅ ተሽቀዳድሞ አደባባይ ሲገባ ነው። ድምፁ የጮኸው ኮብል ስቶን ላይ ነው፣ ያ ግን ከኩርባ ሳይሆን ከመንገጫገጭ ነው። ለዚያ ግፊቱ ለአፍታ ቆይቶ ካልቀጠለ እንዳይጮህ በፕሮግራሙ ጊዜ ጨመርኩ።

ተሳፋሪዎች ምንድን ነው እያሉ ጠየቁ። አንዲት እናት «እንኳን ጮኸ፣ ልጄ» አሉ፣ ወንድሜም ፍጥነቱን ቀነሰላቸው። ከጎኑ ሊቀመጥ የመጣ አንድ ጓደኛው መብራቱን አይቶ ምን እንደሆነ ሲነገረው ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ታኅሣሥ 26

የቀረው ሥራ። የወንበሩ ማብሪያዎች ውሃ ስለሚገባባቸው በክረምት አይቆዩም፣ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽገው እንደገና ይገጠማሉ። የማግኔት ሴንሰሮቹን ገመድ ጭቃ እንዳይቆርጠው በቱቦ ውስጥ ማሳለፍ አለብኝ። ሁለት የወንድሜ ጓደኞች ለራሳቸው ጠይቀዋል። የእነሱን ባጃጆች ከመግጠሜ በፊት ግን ሁለቱንም እመዝናቸዋለሁ። አንደኛዋ ከኋላ የድምፅ ሳጥንና ተጨማሪ ባትሪ ተገጥሞላታል፣ ልኳ ከወንድሜ ባጃጅ ልክ ጋር አንድ አይሆንም። ሚዛኑን ለቅዳሜ ተዋስኩ።